ከባሕር ያልተነቀለ ኮራል

ጠረጴዛው ላይ ፎጣ ተነጥፏል። አጠገቡ ከገንዳው በተቀዳ ውሃ የተሞላ ሳህን፣ አዮዲን የገባበት ሌላ ሳህን፣ የአጥንት መቁረጫ መቀስ፣ አንድ ቱቦ ሱፐር ግሉና የአውራ ጣት ጥፍር የሚያህሉ ክብ የሴራሚክ መቆሚያዎች ተደርድረዋል። ባለቤቱ ጓንት አጥልቋል፤ ዓይኑን በመከላከያ መነጽር ሸፍኗል። ከገንዳው ያወጣው ኮራል ብዙ ቅርንጫፍ ያለው፣ መልኩ ወደ ቡናማ የሚያደላ፣ ጫፍ ጫፉ ብቻ ፈዘዝ ያለ ሐምራዊ ነው። መቀሱ ቅርንጫፉን ሲነክስ ቀጭን የስብራት ድምፅ ይሰማል። ኮራሉ ሲነካ የሚያመነጨው ዝልግልግ ፈሳሽ ከስብራቱ ይወርዳል፤ የተሰበረው ፊት ግን ከውስጥ ነጭ ድንጋይ ነው። ሦስት ሳንቲ ሜትር የማይሞላው ቁራጭ ይታጠባል፣ አዮዲኑ ውስጥ ለጥቂት ደቂቃ ይነከራል፣ በሙጫ መቆሚያው ላይ ይጣበቅና ወደ ገንዳው ይመለሳል። ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ሥጋው ሙጫውን ተሻግሮ ሴራሚኩ ላይ መንጠፍ ይጀምራል። ከተመቸው በዓመቱ እሱም በተራው የሚቆረጥ ይሆናል።

ይህ አጭር ሥራ፣ ሳሎን ውስጥ ኮራል ማኖር ተገቢ ነው ወይ ለሚለው የቆየ ክርክር ዋናው መልስ ነው ብዬ አምናለሁ። ክርክሩ ያለ ምክንያት አልተነሣም። የአሜሪካ የውቅያኖስና የከባቢ አየር አስተዳደር እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 2024 አራተኛው ዓለም አቀፍ የኮራል መንጣት መከሰቱን አስታውቋል። በቀጣዩ ዓመት የተሰበሰበው መረጃ እንዳሳየው ከዓለም የኮራል ሪፎች ስፋት 84 በመቶው ኮራልን ሊያነጣ በሚችል ሙቀት ተመትቷል። ባሕሩ እንዲህ በተጎዳበት ጊዜ ከባሕሩ ላይ ነቅሎ ለሳሎን ማስዋቢያ ማድረግ እንዴት ትክክል ይሆናል? ትክክል አይሆንም። ከባሕር የተነቀለ ኮራል ገዝቶ፣ ለጥቂት ወራት አይቶ፣ ሲሞት በሌላ የሚተካ ገንዳ ምንም መከራከሪያ የለውም። ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ለማራባት ታስቦ የተሠራ ገንዳ ግን ሌላ ነገር ነው። እሱ ከባሕር ላይ የሚወስደው እያነሰ፣ ለሌሎች ገንዳዎች የሚሰጠው እየበዛ ይሄዳል። በዚህ መንገድ የተገኘው ሙያም ከሳሎን አልፎ ባሕሩን ለሚጠብቁ ሰዎች መሣሪያ ሆኗል።

ይህን ለመረዳት በቅድሚያ ኮራል ምን እንደሆነ ማወቅ ያስፈልጋል። ድንጋይና ተክል ቢመስልም እንስሳ ነው። እያንዳንዱ ፖሊፕ አፍና በአፉ ዙሪያ የሚናደፉ እጆች ያሉት ትንሽ ከረጢት ነው፤ በመቶና በሺህ የሚቆጠሩ ፖሊፖች በቀጭን ሥጋ ተያይዘው አንድ አካል ይሠራሉ። በሥጋው ሴሎች ውስጥ በዓይን የማይታዩ አልጌዎች ይኖራሉ፤ ከብርሃን የሚሠሩትን ምግብ አብዛኛውን ለኮራሉ ይሰጣሉ፣ እሱ ደግሞ መጠለያና ማዳበሪያ ይሰጣቸዋል። ሙቀቱ ሲበረታ ይህ ጉርብትና ይፈርሳል፤ አልጌዎቹ ይወጣሉ፣ ኮራሉ ይነጣል፣ ቶሎ ካልተመለሱለት በረሃብ ይሞታል። ከሥሩ ያለው ድንጋይ ራሱ ከውሃው ካልሲየምና ካርቦኔት እየወሰደ የሚሠራው አጽም ነው። ይህ አጽም ምን ያህል ጽኑ እንደሆነ ለማየት ከአገራችን መውጣት አያስፈልግም፦ በአፋር፣ በዳናክል ረባዳ ዳርቻ፣ ከ120 ሺህ ዓመት በፊት ገደማ ቀይ ባሕር ሸለቆውን ሞልቶት ሳለ የበቀሉ የኮራል ሪፎች ዛሬም ቆመዋል። ውሃው ተንኖ ሲያልቅ ጨውና እነሱ ቀሩ። መቆረጥ ኮራሉን የማይገድለው ፖሊፖቹ ሁሉ አንድ ዓይነት በመሆናቸውና እያንዳንዱም ለብቻው መኖር በመቻሉ ነው። የስኳር ድንች ሐረግ ቆርጦ የተከለ ገበሬ ነገሩን ወዲያው ይረዳዋል።

ገንዳ ሲቋቋም ጀማሪ ብዙውን ጊዜ ገንዘቡን መብራት ላይ ያፈሳል፤ መጀመሪያ ሊታሰብበት የሚገባው ግን ውሃው ነው። የቧንቧ ውሃ ክሎሪን፣ ፎስፌት፣ አንዳንዴም ከቧንቧው የተፋቀ መዳብ ይዞ ይመጣል፤ መዳብ ደግሞ ለሰው በማይታወቅ መጠን እንኳ አከርካሪ የሌላቸውን የባሕር እንስሳት ይገድላል። ስለዚህ ውሃው በሪቨርስ ኦስሞሲስ ማጣሪያ አልፎ፣ የቀረውንም በሬዚን ተነጥቆ፣ ባዶ ውሃ ይሆናል። ከዚያ ለኮራል ገንዳ ተብሎ የተዘጋጀ የባሕር ጨው ይገባበታል። የባሕር ጨዋማነት በሺህ 35 ያህል በመሆኑ ለ200 ሊትር ገንዳ ከ7 ኪሎ በላይ ጨው ያስፈልጋል፤ ልኩም በሪፍራክቶሜትር ይታያል። ሙቀቱ ከ25 እስከ 26 ዲግሪ ሴልሺየስ ቢሆን መልካም ነው። እዚህ ላይ ብዙዎች የሚስቱት ነገር አለ፦ ከገንዳው የሚተነው ውሃ ብቻ ነው፣ ጨው አይተንም። የጎደለውን በጨው ውሃ የሚሞላ ሰው የገንዳውን ጨዋማነት በየቀኑ እየጨመረ ነው። መሞላት ያለበት ባዶ በሆነው ውሃ ነው፤ የሚሻለውም መጉደሉን አይቶ በራሱ የሚሞላ ትንሽ ፓምፕ ማስገባት ነው።

ውሃው ከተዘጋጀ በኋላ ገንዳው ባዶውን መቆየት አለበት። ብዙ ቀዳዳ ያላቸው ዐለቶች ይገባሉ፤ በዐለቶቹ ላይ የሚሰፍሩ ባክቴሪያዎች ከብስባሽና ከዓሣ ኩስ የሚወጣውን መርዛማ አሞኒያ ወደ ናይትራይት፣ ናይትራይቱን ወደ ናይትሬት ይቀይራሉ። እነዚህ ባክቴሪያዎች እስኪበዙ ከአራት እስከ ስድስት ሳምንት ይፈጃል። ያን ጊዜ ማሳጠር የሚፈልግ ሰው የሚከፍለው በኮራል ሕይወት ነው። ከዚያም በኋላ ቢሆን አዲስ ገንዳ ለወራት ይናወጣል፣ አልጌ ያበቅላል፣ መልኩ ይቀያየራል። ለዚህ ጊዜ የሚሆኑት ለስላሳ ኮራሎች ናቸው፦ የቆዳ ኮራል የሚባለው ሳርኮፋይተን፣ የእንጉዳይ ቅርጽ ያላቸው ዲስኮሶማዎች። አጥንታም የሆኑት፣ በተለይም አክሮፖራ፣ ገንዳው ሲረጋ ይመጣሉ። ብርሃኑን በተመለከተ ሰማያዊው ክፍል ይበዛ፣ መጠኑ ቀስ እያለ ይጨመር፣ በየቀኑ በተመሳሳይ ሰዓት ይብራና ይጥፋ ማለት ይበቃል። የውሃው እንቅስቃሴም ዝም ብሎ የሚፈስ ሳይሆን አቅጣጫው የሚለዋወጥ ሞገድ መሆን አለበት፤ ምግብ የሚያመጣለትም ንፍጡን የሚያጥብለትም እሱ ነው።

የማራባት ነገር በእውነት የሚጀምረው ኮራሉ ማደግ ሲጀምር ነው፤ እድገቱንም ከዓይን በፊት የሚያየው የውሃ ምርመራ ነው። አጽም እየተሠራ ከሆነ ካልሲየሙና የካርቦኔቱ ልክ የሆነው አልካሊኒቲ በየቀኑ ይቀንሳሉ። ካልሲየም በሊትር ከ400 እስከ 450 ሚሊግራም፣ ማግኒዚየም ከ1250 እስከ 1400 ሚሊግራም፣ አልካሊኒቲ በጀርመኖቹ መለኪያ ከ7 እስከ 11 ዲግሪ እንዲሆን ይመከራል፤ ለየ20 ሚሊግራሙ ካልሲየም 2.8 ዲግሪ ያህል አልካሊኒቲ አብሮ ይወርዳል። ይህ ምጣኔ ጥቅሙ ብዙ ነው። ሁለቱ በምጣኔው ከወረዱ ኮራሉ እየሠራ ነው፤ አልካሊኒቲው መውረዱን በድንገት ካቆመ፣ መልኩ ገና ሳይለወጥ፣ አንድ ነገር አስጨንቆታል ማለት ነው። የጎደለውን የሚተኩት በኖራ ውሃ፣ በሁለት ጠርሙስ በሚመጡ ውሕዶች፣ ወይም በካልሲየም ሪአክተር ነው። የትኛውም ይሁን፣ አልካሊኒቲው 8 ይሁን 9 የሚለው ብዙ አያጣላም፤ ዛሬ 8 ነገ 11 መሆኑ ግን የኮራሉን ሥጋ ከአጽሙ እስከ መላጥ ያደርሳል። ቁራጭ ደግሞ ቁስል ያለበት በመሆኑ መናወጥን ከእናቱ ያነሰ ይችላል። ለማራባት የተሠራ ገንዳ ከማሳያ ገንዳ የሚለየው ከሁሉ በላይ በዚህ ነው፦ ባለቤቱን በየዕለቱ እንዲለካ ያስገድደዋል፤ የሚለካ ባለቤት ያለው ገንዳ ውስጥ ደግሞ ኮራል በከንቱ አይሞትም።

ይህ ዕውቀት በአንድ ጊዜ አልመጣም፤ አብዛኛውንም ያገኙት በቤታቸው የሞከሩ ሰዎች ናቸው። ጃካርታ ይኖር የነበረው ሊ ቺን ኤንግ እ.ኤ.አ. በ1961 ባሳተመው ጽሑፍ ሕይወት ያለበት ዐለት፣ የፀሐይ ብርሃንና የአየር አረፋ ብቻ ተጠቅሞ ኮራል ማኖር እንደሚቻል አሳየ። በ1970ዎቹ ስዊዘርላንዳዊው ፒተር ቪልከንስ የኖራ ውሃን አስተዋወቀ። በ1980ዎቹ የበርሊን ገንዳ አፍቃሪዎች ሕይወት ያለበትን ዐለት፣ ቆሻሻን በአረፋ የሚያወጣውን ማጣሪያና ኃይለኛ መብራትን አጣምረው አጥንታም ኮራልን ማሳደግ ቻሉ፤ የእነሱ ዘዴ ዛሬም በከተማቸው ስም ይጠራል። ከዚያ በፊት በገንዳ ውስጥ ያለ አጥንታም ኮራል በአመዛኙ ቀስ ብሎ የሚሞት ነበር። ማደግ ሲጀምር ገንዳውን ሞላ፣ ሲሞላ መቆረጥ ግድ ሆነ፣ ቁራጩም ለጎረቤት ተሰጠ። ማራባቱ የመጣው ከበጎነት ሳይሆን ከእንክብካቤው መሻሻል ነው። ለዚህም ነው አስተማማኝ የሚሆነው፤ በደንብ የተያዘ ኮራል፣ ባለቤቱ ቢፈልግም ባይፈልግም፣ መትረፉ አይቀርም።

የሳሎን ሙያ ለባሕር መትረፉን ከሚያሳዩት ሁሉ የፍሎሪዳው ጉዳይ ጎልቶ ይታያል። በካሪቢያን የአጋዘን ቀንድ የሚመስለው ስታግሆርን የተባለ ኮራልና ወንድሙ ኤልክሆርን ከ1970ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ በበሽታ እጅግ ተመናምነው፣ እ.ኤ.አ. በ2006 በአሜሪካ ሕግ የመጥፋት ሥጋት ያለባቸው ተብለው ተመዘገቡ። ኬን ኔዲማየር በኪ ላርጎ አካባቢ ለገንዳ ገበያ ዓሣ የሚያጠምድ፣ ሕይወት ያለበት ዐለትም በተከራየው የባሕር ወለል ላይ የሚያለማ ሰው ነበር። በዐለቶቹ ላይ የስታግሆርን እጮች በራሳቸው ሰፍረው በቀሉ። እነሱን ቆርጦ በማብዛት የጀመረው ሥራ በ2007 የኮራል መልሶ ማልማት ፋውንዴሽን ሆነ፤ ቁራጮች በሲባጎ የተንጠለጠሉባቸው የፕላስቲክ ቱቦ ዛፎች ከባሕሩ በታች ተተከሉ። በዚያው በፍሎሪዳ፣ ሞት (Mote) በሚባለው የባሕር ምርምር ተቋም ይሠራ የነበረው ዴቪድ ቮን እ.ኤ.አ. በ2006 ገደማ ከገንዳው ወለል ጋር የተጣበቀ ኤልክሆርን ሲያነሣ ሳያስበው ሰበረው፤ ወለሉ ላይ የቀሩት ጥቂት ፖሊፖች ግን ከመሞት ይልቅ ከወትሮው እጅግ ፈጥነው አደጉ። ከዚያ ወዲህ በዓመት አንድ ሳንቲ ሜትር ገደማ የሚያድጉ ክብ ኮራሎች ሳይቀሩ በአልማዝ መጋዝ ጥፍር እስኪያህሉ እየተቆረጡ ይባዛሉ። ከአንድ እናት የመጡ ቁራጮች አጠገብ ለአጠገብ ሲተከሉ ሥጋቸው ይገጥማል፣ ተመልሰውም አንድ ይሆናሉ።

ከዚህ በኋላ እ.ኤ.አ. 2023 መጣ። በዚያ ሐምሌ በፍሎሪዳ ጥልቀት በሌለው የማናቲ ቤይ ውሃ 38.4 ዲግሪ ሴልሺየስ ተመዘገበ። በሶምብሬሮ ሪፍ የነበሩትም የተተከሉትም ኮራሎች መሞታቸውን ፋውንዴሽኑ ራሱ ገለጸ። ሳይንስ በተባለው መጽሔት በ2025 የወጣ ጥናት እንዳረጋገጠው በፍሎሪዳ ኪስ ደሴቶችና በድራይ ቶርቱጋስ ከ97 በመቶ በላይ የሚሆኑት ስታግሆርንና ኤልክሆርን ሞተዋል። የማራባትን ሥራ ከንቱ ነው የሚሉ ሰዎች ከዚህ የሚበልጥ ማስረጃ አያሻቸውም፦ የዓመታት ልፋት በሳምንታት ውስጥ ነጥቶ ቀረ። ይህን መካድ አይቻልም፤ ኮራል መትከል ባሕሩን አያቀዘቅዝም፣ ሙቀቱን የሚገታው የሚቃጠለው ነዳጅ መቀነስ ብቻ ነው። ነገር ግን በዚያው በጋ በሺህ የሚቆጠሩ ቁራጮች ከባሕር ማሳደጊያዎቹ ተነሥተው በየብስ ላይ ወዳሉ ገንዳዎች ተጓዙ። የፍሎሪዳ ስታግሆርንና ኤልክሆርን የዘር ሐረግ ዛሬ በብዛት ያለው በእነዚያ ገንዳዎች ውስጥ ነው፤ የሚቆየውም የውሃውን ልክ በመጠበቅ፣ ቁስሉን በአዮዲን በማጠብ፣ ቆርጦ በማጣበቅ ነው። ገንዳው ባሕሩን አላዳነም። የሚመለስበት ቀን ከመጣ ግን የሚመለሰውን ይዟል፤ ያለ ገንዳ ይህም አይኖርም ነበር።

ሌላው ተቃውሞ ከዘር ብዝኃነት ይነሣል። ቁራጭ የእናቱ ግልባጭ ነው፤ አንድን ኮራል ሺህ ቦታ መቁረጥ ሺህ ኮራል ሳይሆን በሺህ ቦታ ያለ አንድ ኮራል መያዝ ነው፣ አንድ በሽታም ሁሉንም ይጠርጋል። ትክክለኛ ሥጋት ነው፤ መልሱም የተገኘው ከባሕር ርቆ በደቡብ ለንደን ነው። በሆርኒማን ሙዚየም ጄሚ ክራግስና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2012 በጀመሩት ሥራ፣ ኮራሎቹ የመጡበትን ባሕር የዓመት ሙቀት፣ የቀን ርዝመትና የጨረቃ ዑደት በኮምፒዩተር በሚመሩ የገንዳ መሣሪያዎች ደገሙ። ሙሉ ጨረቃ ካለፈች ከጥቂት ሌሊቶች በኋላ በቀይ ባትሪ ብቻ እየታዩ፣ ከየፖሊፑ አፍ ሮዝ ነገር ብቅ ይላል፤ እንቁላልና የወንድ ዘር የታቀፉበት እንክብል ነው። እንክብሉ ተለቅቆ ወደ ላይ ሲንሳፈፍ በፒፔት ተለቅሞ ከሌላ ኮራል ዘር ጋር ይቀላቀላል። በነሐሴ 2019 የፍሎሪዳ አኳሪየም በዚህ ዘዴ የአትላንቲኩን የምሰሶ ኮራል ለመጀመሪያ ጊዜ በገንዳ ውስጥ እንዲራባ አደረገ። ይህ ዛሬ ሳሎን ውስጥ በቀላሉ የሚሆን ነገር አይደለም። ሆኖም የቤት ባለቤትም የድርሻውን ማድረግ ይችላል፦ ከአንድ ዝርያ ከተለያዩ እናቶች የመጡትን ለይቶ መያዝና የትኛው ከየትኛው እንደተቆረጠ መመዝገብ።

በጣም ከባዱ ተቃውሞ ግን የገንዳ አፍቃሪዎች ራሳቸው በባሕር ላይ ያደረሱት ጉዳት ነው። የሕንድና የሰላማዊ ውቅያኖስ ተወላጅ የሆነው ላየንፊሽ የተባለ ዓሣ እ.ኤ.አ. በ1985 ፍሎሪዳ ዳኒያ ቢች አጠገብ ታየ፤ ከገንዳ የተለቀቀ መሆኑ በሰፊው ይታመናል፤ ዛሬ የካሪቢያንን ትናንሽ ዓሦች ይፈጃል። በቤት የተራባ ኮራል ከልዩ ልዩ ውቅያኖስ ከመጡ ፍጥረታት ጋር አንድ ውሃ ተጋርቶ የኖረ ነው፤ ምን ጥገኛና ምን ባክቴሪያ እንደያዘ ማንም አያውቅም። ስለዚህ አንድም ቁራጭ፣ አንድም ባልዲ ውሃ፣ አንድም ዐለት ወደ ባሕር መሄድ የለበትም፤ በጎ አሳብ ምክንያት አይሆንም። ባሕር ላይ መትከል ፈቃድ ያላቸው፣ የአካባቢውን ዘር ብቻ የሚያራቡ ተቋማት ሥራ ነው። የቤት ገንዳ የሚያበረክተው ሌላ ነገር ነው፦ ከባሕር የሚነቀለውን ይቀንሳል፣ ሙያውን ያሰፋል።

ከባሕር የሚነቀለውን መቀነስስ በባሕሩ ዳር የሚኖሩትን ሰዎች እንጀራ አይነካም? ይነካል፤ ይህን ቸል የሚል ሰው የተደላደለ ከተማ ውስጥ ተቀምጦ የሚፈርድ ነው። ኢንዶኔዥያ እ.ኤ.አ. በ2018 የኮራል ወደ ውጭ መላክን ስታቆም ብዙ የባሕር ዳር ቤተሰቦች ገቢያቸውን አጥተዋል። ያም ሆኖ መፍትሔው ዱሩን መንቀል መቀጠል አይደለም። በኢንዶኔዥያና በሰሎሞን ደሴቶች የመንደር ሰዎች ጥልቀት በሌለው ባሕር ውስጥ በመደርደሪያ ላይ ቁራጭ እያሳደጉ ይሸጣሉ፤ ከጥቂት እናት ኮራሎች በየዓመቱ እየቆረጡ መኖር ይቻላል። ኢንዶኔዥያም ንግዱን ዳግም ስትከፍት ቅድሚያ የሰጠችው በእርባታ ለተገኙት ነበር። ገዢው ይህን መርጦ ከገዛ ገቢው እዚያው ይቆያል፣ ሪፉም ይቆያል።

ለባለቤቱ ራሱ ስላለው አደጋም አንድ ነገር ሳይነገር መታለፍ የለበትም። ዞአንተስና ፓሊቶአ የሚባሉት፣ ቀለማቸው የሚማርክ፣ ለጀማሪ የሚሸጡ ለስላሳ እንስሳት ፓሊቶክሲን የተባለ እጅግ ኃይለኛ መርዝ ሊይዙ ይችላሉ። የሰፈሩበትን ዐለት በፈላ ውሃ ለማጽዳት የሞከሩ ሰዎች እንፋሎቱን ስበው ከነቤተሰባቸው ሆስፒታል ገብተዋል። ዐለት አይቀቀልም፤ ጓንትና መነጽር ሳይኖር ምንም አይቆረጥም፤ እጅ ላይ ቁስል ካለ ሥራው ለሌላ ቀን ይተላለፋል።

ኮራል ሊገዛ የሚሄድ ሰው ሻጩን ከዋጋው በፊት የሚጠይቀው፣ ይህ ቁራጭ ከየትኛው እናት፣ መቼ ተቆረጠ የሚለውን መሆን አለበት። በደንብ ያራባ ሻጭ እናቱን ያሳያል፤ ቁራጩም መቆሚያው ላይ ሥጋውን ዘርግቶ ይታያል። ገና ሙጫው ብቻ የያዘው፣ ጠርዙ ነጭ የሆነ ቁራጭ ትናንት የተሰበረ ነውና ይቆይ። ከውጭ አገር የመጣ ከሆነ፣ አጥንታም ኮራሎች በሙሉ በዓለም አቀፉ የብርቅዬ ዝርያዎች ንግድ ስምምነት ሁለተኛ ዝርዝር ውስጥ ስላሉ ፈቃድ ሊኖረው ይገባል፤ በፈቃዱ ላይ ደብልዩ የሚለው ፊደል ከዱር የተወሰደ ማለት ነው። ቤት ከገባ በኋላም ለብቻው በሌላ ዕቃ ሰንብቶ፣ አክሮፖራ የሚበሉ ጠፍጣፋ ትሎችና እንቁላሎቻቸው አለመኖራቸው በማጉያ መነጽር ይታያል። ኮራሉ አድጎ የመጀመሪያው መቆረጥ ሲደርስ ደግሞ ከሁሉ በፊት ቢያንስ አንዱን ቁራጭ ለሌላ ሰው ገንዳ መስጠት ነው። መብራት ለአንድ ሌሊት ቢጠፋና ሞገዱ ቢቆም፣ በባትሪ የሚሠራ የአየር ፓምፕም ከሌለ፣ በውሃው ውስጥ ያለው ኦክስጅን አልቆ ገንዳው በሙሉ ሊሞት ይችላል፤ ያኔ ያው ኮራል የሚገኘው የሰጡት ሰው ዘንድ ነው። በመቆሚያው ሥር የዝርያው ስም፣ የእናቱ መለያ ቁጥርና የተቆረጠበት ቀን ይጻፍ፤ ከሦስት ባለቤት በኋላም የሚነበብ እንዲሆን በማይለቅ ቀለም።